በእናቷ ቤት እንግዳ

ልጄ አፏን የፈታችው በሽማግሎች መሐል ነው። እኔ አልነበርሁም። ይህን ስናገር ዛሬም ቅር ይለኛል፤ ነገሩ ሁሉ የተነሣው ከዚያ ስለሆነ ግን ከእሱ ልጀምር።

አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሲሆናት ነው እናቴ የወሰደቻት። ያን ጊዜ ገበዝ ማርያም ተመድቤ አንደኛ ክፍል አስተምር ነበር። አገሩ ደጋ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። የተከራየኋት ክፍል ግድግዳዋ ስለተሰነጣጠቀ ንፋሱን አትመልስም፤ ልጅቷ በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜ ሳንባዋን ታመመችብኝ። ባለቤቴ ሥራው ቆጋ መስኖ ላይ ነው፤ በወር አንድ ጊዜ ቢመጣ ነው። በሁለተኛው ሕመሟ እናቴ ከቡሬ ወዲያ ካለው ቀያችን ተነሥታ መጣች። ልጅቷን አየች፤ እኔን አየች፤ ከዚያ ማንንም ሳታማክር አዘለቻት።

«አንቺ የሰው ልጅ አስተምሪ፤ ያንቺን እኔ አሳድጋለሁ» አለችኝ።

ልታጽናናኝ ብላ ነው። እኔ ግን እንደ ስድብ ቆጠርሁት። ያኔም እንዲህ ነበርሁ፣ ዛሬም እንዲሁ ነኝ፤ ነገር ቶሎ ያመኛል።

በወር አንድ ጊዜ፣ ሲቀናኝ ሁለት ጊዜ ልጠይቃት እሄዳለሁ። እስከ ቡሬ በመኪና፣ ከቡሬ መናኸሪያ በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ሰዓት ገደማ በእግር። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም ነበር። አንዴ ሰባት ሳምንት ሙሉ ሳላያት ቆየሁ፤ ስልኩም አይሠራም። ሰባት ሳምንት ለትልቅ ሰው ምንም አይደለም። ለሁለት ዓመት ልጅ ግን ዘመን ነው። ትቻት ስሄድ ሁለት ሦስት ቃል የነበራት ልጅ ስመለስ ወሬ ጀምራ አገኘኋት።

ወሬዋ ግን የልጅ ወሬ አልነበረም። ከዱካ ስትነሣ «እፎይ፣ ወገቤን!» ትላለች። ዶሮ ቤት ገብታ እህል ስትለቅም እጇን አገጯ ሥር አድርጋ «ምነዋ አንቺ፣ ሥራ የለሽም?» ብላ ትገሥጻታለች። ከጎረቤት የአገው ልጆች ጥጃ መመለስ ስለተማረች ጥጃ የምትቆጣው በአገውኛ ነው። እናቴ «ጥጃው አማርኛ አይሰማም መስሏት እኮ ነው» እያለች ትስቃለች። አንድ ቀን ከረሜላ ይዤላት ሄድሁ። ተቀበለችኝና ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፦

«እደጊ። ዕድሜ ይስጥሽ። ክፉ አይንካሽ» አለችኝ።

የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ነኝ። ምን ልበል? «አሜን» አልሁ።

መጠሪያዬንም የወሰደችው ከእናቴ አፍ ነው። እናቴ እኔን «ልጄ» ነው የምትለኝ። ልጅቷም የሰማችውን ያዘች፤ እናቴ «እማ»፣ አባቴ «አባ»፣ እኔ «ልጄ»። በስልክ «ልጄ፣ ደኅና ዋልሽ? ብርዱ እንዴት ነው?» ስትለኝ አብረውኝ የሚያስተምሩት መምህራን በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ጠመኔዬን ይዤ ክፍል ስገባ፣ አርባ ልጅ ተነሥቶ በአንድ ድምፅ ሰላም ሲለኝ፣ ከመሐላቸው የእኔን ልጅ ድምፅ እፈልጋለሁ።

ሰው ሁሉ የአያት ልጅ ሞልቃቃ ናት ይላል። የእናቴን ቤት ስለማያውቁት ነው። እናቴ ቤት ትልቅ ሰው ሲገባ ልጅ ይነሣል፤ ትልቅ ሰው ሲያወራ ልጅ ዝም ይላል፤ እጅ ያስታጥባል፤ የሰጡትን በሁለት እጁ ይቀበላል። እኔም ያደግሁት በዚሁ ሥርዓት ስለሆነ አንዱንም አልተቃወምሁም። እንዲያውም ኮራሁባት።

የመጀመሪያ ቀልዷም የመጣው ከዚሁ ሥርዓት ነው። በእኛ አገር ሰው ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል። የሚገባውም «በእግዜር! ተቀመጡ» ይላል። አንድ የበዓል ማግሥት አባቴ ከሦስት ጎረቤቶቻቸው ጋር ጠላ ይዘው ተቀምጠዋል። አራቱም ጉልበታቸው የደከመ ናቸው። ልጅቷ ከአባቴ እግር ሥር ቁጭ ብላ ጨዋታቸውን ስትሰማ ቆየችና ድንገት ብድግ አለች።

«ኖር!»

ሽማግሎቹ ሁሉ ተነሡ። አንዱ ምርኩዛቸውን ፈለጉ፤ አንዱ ዋንጫቸውን አስቀመጡ፤ አባቴ መደቡን ተደግፈው ቀና አሉ። በሩ ላይ የቆመችው ፍየላችን ናት። ልጅቷ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተንከባለለች። እኔ ጓዳ ነበርሁና በድንጋጤ ክው አልሁ፤ አሁን ትገረፋለች ብዬ። አባቴ እንደቆሙ ፍየሏን ከላይ እስከ ታች አዩዋትና፦

«ምነው እመቤቴ፣ በእግዜር አይሉምን?» አሏት።

ሽማግሎቹ እስኪያለቅሱ ሳቁ። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ለድመቷም፣ ለውሻውም፣ በንፋስ ለተከፈተው በርም «ኖር!» እያለች ስንቱን አዛውንት አስነሥታለች።

በእኔ ላይ ግን አንድም ቀን አልቀለደችም። እኔ ስገባ ከልቧ ነው የምትነሣው። ዓይኗን ሰበር አድርጋ «ኖር» ትላለች፤ ዱካዋን ትለቅልኛለች፤ ከዚያ ሄዳ እናቴ ቀሚስ ሥር ትቆማለች። ለፍየል የሳቀችውን ያን ሳቅ ለእኔ ሰጥታኝ አታውቅም። የምትቀልደው በራሷ ሰዎች ላይ ብቻ ነበር። በእናቴ ያን ጊዜ ቀናሁባት። እናት ላይ መቅናት ነውር ነው፤ ግን ቀናሁ።

በሦስት ዓመት ተኩሏ ላይ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወርሁ። ቆላ ቀመስ ነው፤ ብርድ የለም፤ ሙዝና ማንጎ እንደ ልብ ነው። ከአንዲት አሮጊት ግቢ አንድ ክፍል ከትንሽ ማብሰያ ጋር ተከራየሁና፣ በአቅራቢያው ካለ ኬጂ አስመዝግቤ ልወስዳት ሄድሁ። እናቴ አልተከራከረችኝም። ጠጉሯን ሠራቻት፤ አዲሱን ቀሚሷን አለበሰቻት፤ ከበርበሬው ማሳ ዳር ወስዳ ብዙ ደቂቃ በጆሮዋ ስትነግራት ከሩቅ አየኋቸው። ልጅቷ ራሷን ትነቀንቃለች። ትንሽ ጨርቅም ቋጥራ ሰጠቻት። አባቴ መረቁን። ልጅቷ አላለቀሰችም። የባጃጁን ሹፌር እንኳ «መንገዱን ያቅናልህ» ብላ መርቃው፣ ሰውየው እስከ ቡሬ ድረስ ወደ ኋላ እየዞረ ሲያያት ነበር።

ለመምጣቷ ያላዘጋጀሁት የለም። አበባ የተሳለበት አዲስ ሳህን ገዛሁላት። ትንሽ ወንበር ገዛሁላት። እንቁላል፣ ፓስታ፣ ሙዝ፣ ለስላሳ። የመጀመሪያውን ቀን ምሳ በአዲሱ ሳህን አቀረብሁላት። ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ እጇን ጭኗ ላይ ሰብስባ ተቀምጣለች።

«ጠግቤያለሁ» አለች።

«ገና ምን በላሽና?»

«ጠግቤያለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

«በሞቴ! አፈር ስሆንልሽ፤ አንዴ ብቻ!»

አንዴ ጎረሰች። ደግሜ በሞቴ አልሁ፤ ደግማ ጎረሰች። ከዚያ ወዲያ አልቻልሁም። አከራዬ ከበሩ ሆነው ያያሉ። «እንዴት ያለች የተቀጣች ልጅ ናት! የዛሬ ልጅ እኮ ገበታው ላይ ነው የሚወጣው» አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ሞኝ ነኝ።

በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። ቁርስ ሳቀርብ ጠግቤያለሁ፤ ምሳ ሳቀርብ ጠግቤያለሁ። ውኃ እንኳ ስትፈልግ አትጠይቅም፤ እንስራው አጠገብ ቆማ ታየዋለች። ወደ ደጅ ስትወጣ ታስፈቅዳለች። እኔ ስገባ ትነሣለች። በዐሥረኛው ቀን የቀሚሷ ወገብ ሰፍቷት አየሁና ደንግጬ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። መረመሯት፤ ምንም የለባትም አሉ፤ የወስፋት መድኃኒት ሰጡኝ። አንዲት ነርስ አዝናላት ብስኩት ብትሰጣት «ጠግቤያለሁ፣ ይክበሩ» አለቻትና ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የምግብ ፍላጎት የሌለው ልጅ አይቻለሁ፤ ብስኩት የማያይ ግን አላየሁም። የእኔዋ ብስኩቱን ወደ መሳቢያው እስኪመለስ ድረስ በዓይኗ ሸኝታዋለች።

ከዚያ በኋላ ባለ አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። «የት ነሽ?» አልሁ፤ መልስ የለም። ከአልጋው ወዲያ ኮሽታ ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ግድግዳውና አልጋው መሐል ገብታ፣ የእናቴን ትንሽ ጨርቅ ጭኗ ላይ ፈትታ ተቀምጣለች። ጉንጯ ተወጥሯል። ከጨርቁ ውስጥ የቀረው አንድ እፍኝ የማይሞላ የሽምብራ ቆሎ ነው። ስታየኝ ማኘኳን አቆመች።

ያን ሁሉ ቀን ልጄ ስንቋን እየቆጠበች ትበላ ኖሯል።

«ርቦሽ ነው?» አልኋት።

የጨርቁን ጫፍ ሰበሰበች።

«ርቦሽ ከሆነ ለምን ራበኝ አላልሽኝም?»

አፏ ውስጥ ያለውን ዋጠች። አልዋሸችም፣ አላለቀሰችም፤ የማውቀውን ነገር ስለጠየቅኋት ብቻ የተገረመች ትመስላለች።

«ሰው ቤት ራበኝ አይባልም» አለችኝ።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልሁ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ተብያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን የቆረጠኝ ቃል የለም። የወለድሁት ልጅ ቤቴ ውስጥ ርቧት፣ እኔን ላለማስቸገር ብላ አልጋ ጥግ ተደብቃ ሽምብራ ትቆረጥማለች። ሥርዓቱን አውቀዋለሁ። እኔንም እናቴ ጎረቤት ስትልከኝ የምትነግረኝ ይህንኑ ነበር፤ ቢሰጡሽ ጠግቤያለሁ በይ፤ ካስጨነቁሽ ጥቂት ቅመሺ፤ እቤትሽ ምግብ የሌለ እንዳይመስል። ልጅቷ አንዲት ነገር አላጎደለችም። የተሳሳተችው ቤቱ የማን እንደሆነ ብቻ ነው።

ንዴቴን የት ላድርገው? ወደ እናቴ ደወልሁ።

«እማዬ፣ ልጅቷን ምን ብለሽ ነው የላክሻት?»

«ምን አልኋት? ምነው፣ ምን ሆነች?»

«ጠግቤያለሁ እያለች በረሃብ ልትሞትብኝ ነው! ምን ብለሽ ነው የላክሻት?»

«ያው ሁልጊዜ የምላትን ነዋ። ሰው ቤት አትልከስከሺ፣ ሰው አታስቸግሪ…»

«እኔ ሰው ነኝ?» ብዬ ጮኽሁ። «ለእናቷ ቤት ነው እንዲህ ተብሎ የሚላከው? ልጄን ባዳ አደረግሽብኝ!»

ጎረቤት የሚጮኽ ዶሮ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

«ባዳ ያደረግኋት እኔ ነኝ?» አለችኝ ቀስ ብላ። ከዚያ ስልኩን ዘጋችው። እናቴ ስልክ መዝጋት የምትችል አይመስለኝም ነበር፤ ሁልጊዜ የሚዘጉላት አባቴ ናቸው።

ሁለት ሳምንት አልተደዋወልንም። እኔ ጥፋተኛዋ እኔ መሆኔን በማግሥቱ ዐውቄዋለሁ፤ ግን ስልኩን አነሣና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ከታመመ ልጅ ጋር ያደረችው እናቴ ናት። ጥርሷ ሲወጣ ጣቷን ያስነከሰችው እሷ ናት። እኔ ከረሜላ ይዤ የምመጣ፣ በማግሥቱ የምሄድ ሴት ነበርሁ። እንዲህ ያለችውን ሴት ቤት ልጅ ምን ይበለው?

ነገሩ የገባኝ ዕቃ ሳጥብ ነው። አበባ ያለበት ሳህኗ እጄ ላይ ነበር። እኔ የምበላው ከተለመደው ትሪ ነው፤ ለእሷ ለብቻዋ በአዲስ ሳህን አቀርባለሁ። እኔ ዱካ ላይ፣ እሷ አዲስ ወንበር ላይ። ለእኔ ሽሮ፣ ለእሷ እንቁላል። በሞቴ፣ አፈር ስሆን። አንድም ቀን ተቆጥቻት አላውቅም፤ አንድም ቀን አዝዣት አላውቅም። እንግዳ እንዲህ አይደል የሚስተናገደው? እሷ እንግድነቷን የምትተወው እኔ ማስተናገዴን ስተው ነው።

ሳህኑን ጠቅልዬ ከሣጥን ግርጌ ከተትሁት። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ፦

«ነይ እስቲ፣ ይህን ነጭ ሽንኩርት ላጪ» አልኋት።

ዐይታኝ ቀረበች። አንዷን ፍሬ ለመላጥ ግማሽ ሰዓት ፈጀባት፤ የላጠችው ከልጣጩ ያነሰ ነበር። ከአንድ ትሪ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን ሽሮ በላን። በሞቴ አላልሁም። ለራሴ እጎርሳለሁ፤ በጎን ግን እጇን እቆጥራለሁ። አራቴ ጎረሰች። ለእኔ እንደ ትንሣኤ ነበር። ሌላ ቀን የእንስራውን ውኃ ደፋችና እንደ ማንኛዋም እናት ጮኽሁባት፤ አለቀሰች፤ አከራዬ «ምነው ልጄ፣ ገና መምጣቷ እኮ ነው» ብለው ተቆጡኝ። እውነት ነው፣ ከበደኝ። ግን ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ እያለቀሰች ወደ እኔ የመጣችው፤ ሌላ የምትሄድበት አልነበራትም፣ መጥታም በቀሚሴ አፍንጫዋን ጠረገች።

ከዚያ ደግሞ የአከራዬን ሳቅ ሰማሁ። ልብስ ላሰጣ ወደ ጓሮ ወጥቼ ነበር። በተሰጣው አንሶላ ሥር አጮልቄ ሳይ፣ ልጅቷ ሙዝ ጆሮዋ ላይ ይዛ፣ ሌላውን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ግቢውን ትዞራለች።

«ሄሎ! ሄሎ! ይሰማል? አይሰማም! ቆይ ውጭ ልውጣ!» በሩን አልፋ ቆመች። «አሁንስ ይሰማል? አንተ ሰውዬ፣ መቼ ነው የምትመጣው? እ? በሚቀጥለው ሳምንት ነው? አይ አንተ!»

እኔ ነኝ። ከባለቤቴ ጋር የማወራው እንዲህ ነው። ከንፈሬን የማጣምምበት እንኳ አልቀረ። አሮጊቷ ዓይናቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። መናደድ ነበረብኝ፤ ሰው ሲያስመስልብኝ አልወድም። ግን ማንም ልጅ ሰው ቤት ሄዶ የቤቱን እመቤት አያስመስልም። ይህን ያህል የምታውቀኝ መቼ ነው ቁጭ ብላ ያጠናችኝ?

ስታየኝ ሙዙን ወደ ኋላዋ ደበቀች፤ እጇን ሰበሰበች። ያ ጨዋ ፊቷ ሊመጣ ነው። ቶሎ ብዬ ከአከራዬ የሙዝ ቅርጫት ሌላ ሙዝ አነሣሁና ጆሮዬ ላይ አደረግሁት።

«ሄሎ! አዎ፣ እሰማለሁ! ጮክ በዪ እንጂ!»

አንድ አፍታ አመነታች። ከዚያ ሳቀች፤ ሙዙ ከእጇ እስኪወድቅ፣ እሷም አብራው እስክትወድቅ።

ራበኝ ያለችኝ ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው። ቀኑ ማክሰኞ ይመስለኛል፤ የተማሪዎቼን ደብተር እያረምሁ ነበር። ከደጅ ስትጫወት ቆይታ፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኖ ገባች። ሰላም አላለችኝም። ፊቴ መጥታ ቆመች።

«ራበኝ።»

የሰማሁትን አላመንሁም። ቀና ለማለት ፈራሁ። «ምን አልሽ?» አልሁ እንዳቀረቀርሁ።

«ራበኝ አልሁሽ እኮ!» በመዳፏ ጠረጴዛውን መታችው። «ዝም ብለሽ ምንድን ነው የምትጽፊው? ተነሽ!»

አከራዬ ከደጅ ሰሙ። «ውይ! ያቺ የተቀጣች ልጅ ምን ነካት? ባለጌ ሆናለች!» አሉ።

«ይተዉልኝ እትዬ፣ ይተዉልኝ! ትባልግልኝ!» አልሁና ተነሣሁ። ከሰሉን አቀጣጠልሁ፤ ድስቱን ጣድሁ፤ ሽሮውን ነሰነስሁ። እንባዬ ወጡ ውስጥ እንዳይገባ ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርሁ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

«ሸተተ!» አለችኝ ከኋላዬ።

ሽሮው አርሯል። ከታች ያለው ድስቱን ይዞ ቀርቷል፤ ከላይ ያለውን ጨልፌ አቀረብሁላት። ፊቷን እያጨማደደች፣ ይመራል እያለች፣ ሦስት ጊዜ እያስጨመረች በላች። በሕይወቴ እንደዚያ የሠመረልኝ ወጥ የለም።

ስታላምጥ እያየኋት ስልኬን አነሣሁ። እናቴ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይተንም በአንድ ጥሪ አነሣችው፤ ስልኩን ይዛው የከረመች ይመስለኛል።

«እማዬ፣ ራበኝ አለችኝ» አልኋት። ሰላምታም ሳልሰጥ።

«እማዬ? ይሰማል?»

«ይሰማል» አለች። ድምፅዋ ቀጥኗል። «እሰይ። እንኳን ራባት። እሰይ ልጄ። እንግዲህ እኔ ስመጣ ነው ጠግቤያለሁ የምትለኝ» አለች፤ እንደ ቀልድ ልታወጣው ፈልጋ ነበር፣ መሐሉ ላይ ሰለለባት።

እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ የያዝሁት ሕመም እሷ ላይ ሲዞር ሰማሁት። በዚያ ሕመም ነበር ያን ቀን የጮኽሁባት፤ እሷ ደግሞ ልጅቷ አንድ ቀን ለእሷም እንግዳ እንደምትሆን እያወቀች ነበር አሰማምራ፣ ጠጉሯን ሠርታ የሰጠችኝ።

ልጅቷ በሽሮ እጇ ስልኩን ከጆሮዬ ነጠቀችኝ።

«እማ! ሽሮውን አሳረረችው እኮ!»

«ውይ! ታዲያ በላሽሳ?»

«በላሁ። ይመራል። ልጄ አትችልም። አንቺ ነዪና ሥሪልኝ። ቅቤም ያዢ። ነገ ነዪ፤ አሁን ነዪ!»

የእናቴ ሳቅ ከስልኩ አልፎ ክፍሉ ውስጥ ገባ። «እመጣለሁ! እመጣለሁ የኔ እመቤት!» ትላለች። ልጅቷ ትዕዛዟን ጨርሳ ስልኩን መለሰችልኝ፤ በሽሮ ተለውሷል።

«ሰማሽ?» አለችኝ እናቴ። «ታዘዝሁ እኮ።»

«ነዪ እማዬ» አልኋት። «ያን ቀን የተናገርሁሽን…»

«ተዪው እስቲ» አለችኝ። «ይልቅስ ድስቱን ሳይደርቅብሽ በውኃ ዘፍዝፊው።»

ዘፈዘፍሁት።